የቅዳሜ ከሰዓት ልጆች

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ አንዲት ጎረቤቴ ልታጽናናኝ ብላ፣ "ቢያንስ ከዚያ ሁሉ ሁካታ አረፍሽ" አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሁካታውን እሷም ለዓመታት ሰምታዋለች። የናፈቀኝ ሁካታው ነው ብላት ምን እንደምትለኝ አላውቅም ነበር።

ሁካታው የቅዳሜ ነው። ባለቤቴ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ከማስተማሩ ሌላ ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ ስካውትና የጠፈር ፊልም። ሁለቱንም የጀመረው ፀጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። እሱ ባደገበት ዘመን ስካውት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ታላላቆቹ ድሮ እንዲህ ነበር ብለው ሲያወሩ ብቻ ነው የሰማው። ፊልምም ቢሆን ቤታቸው ቴሌቪዥን ስላልነበረ በጎረቤት መስኮት ቆሞ የሚያየው ነበር። የቤቱ ባለቤት መጋረጃውን ሲዘጋበት የቀረውን ራሱ እየፈጠረ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ የስካውት ቡድን ሲያቋቁም "ማን ይምራው?" ተባለ፤ እጁን ያወጣው እሱ ብቻ ነው። ካኪ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ስካርፍ አስሮ መስታወት ፊት ቆመና "እንዴት ነኝ?" አለኝ።

"የባንክ ዘበኛ ትመስላለህ" አልኩት።

ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ። ሰኞ ለልጆቹ ነገራቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው "ዘበኛው እንዴት አደረ?" ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዞ እንጦጦ ይወጣል። ባሕር ዛፉ መሐል ድንኳን ይተክላሉ፣ ቋጠሮ ይማራሉ፣ የዛፍ ቁመት በጥላው ይለካሉ፣ በፊሽካ መልእክት ይላላካሉ። ምሳቸውን ራሳቸው ያበስላሉ። ብዙ ጊዜ መኮሮኒ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያራል። ከሰዓት በኋላ እየዘፈኑ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይወርዱና ጫማቸውን በረንዳዬ ላይ ቆልለው ሳሎን ይገባሉ። ከዚያ ፊልም ነው። አንዱ በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ሌላው "ይህንን አይተነዋል" ይላል። "አንተ ነህ ያየኸው፣ እኛ አላየነውም" ይባላል። አንድ ሰው በሆነ መርከብ ወደ ሆነ ኮከብ ይሄዳል።

እኔ ፊልሞቹን አንድም ቀን ተቀምጬ አላየሁም። በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ነው የሠራሁት፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አንዳንድ መጽሐፍ ወደ ቤት ይልኩልኛል። ቅዳሜ ከሰዓት መኝታ ቤት ተቀምጬ የሰው ነጠላ ሰረዝ ሳርም፣ በግድግዳው በኩል ልጆቹ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ።

"ጠፈር ላይ ድምፅ የለም፤ ይህ ፍንዳታ ውሸት ነው።"

"ታዲያ ዝም ብሎ ይፈንዳ?"

"አዎ፣ ዝም ብሎ ይፈንዳ።"

"ቲቸር፣ እስቲ ንገረው።"

ከዚያ የባለቤቴ ድምፅ ይመጣል፤ ቀስ ብሎ፣ ሁለቱንም ትክክል ናችሁ ለማለት መንገድ እየፈለገ። ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ሥራዬም በዚያ ጩኸት ውስጥ ነው የሚቃናልኝ።

ልጅ አልሰጠንም። ይህንን የምጽፈው ልጆቹ "ማዘር" ይሉኝ እንደነበር ለማስረዳት ነው። መጀመሪያ ቃሉ አልጣመኝም፤ የታክሲ ረዳት ቃል መሰለኝ። እያደር ግን ቅዳሜ ደርሶ አንዱ በበሩ ራሱን ብቅ አድርጎ "ማዘር፣ ውሃ አለ?" ሳይለኝ ከዋለ፣ ቀኑ ያልሞላ ይመስለኝ ጀመር።

ባለቤቴ የሞተው በድንገት ነው። ሁለት ቀን ሆዴን አመመኝ አለ፤ ሆዱ አልነበረም፣ ልቡ ነበር። በለቅሶው ልጆቹ ሁሉ መጡ። የእድሩ ድንኳን ነፋስ በዝቶበት ሲወዛወዝ ገመዱን እነሱ ናቸው በራሳቸው ቋጠሮ ያሰሩት። ድንኳኑ ሲነሣ የእድሩ ሰዎች ቋጠሮውን መፍታት አቃታቸውና አንዷን ልጅ ከትምህርት ቤት አስጠሯት። መጥታ አንዱን ጫፍ ሳብ አደረገችው፤ ተፈታ። የእድሩ ጸሐፊ "ይቺ ልጅ የማን ናት?" ብሎ ጠየቀ።

እስከ አርባው ድረስ አንድ ሁለት እየሆኑ ብቅ ይሉ ነበር። ከአርባው በኋላ ቀሩ። ትምህርት በዝቶባቸው ይሆናል አልኩ። ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። እንጦጦ መውጣታቸውን እንዳልተዉ አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ዳገቱን ሲወርዱ ዘፈናቸው ይሰማኛል። በራችን ጋ ሲደርሱ ዘፈኑ ይቆማል። ኮቴያቸው ብቻ ያልፋል። ዳቦ ቤቱ ጥግ ሲደርሱ እንደገና ይጀምራሉ።

አንድ ቀን ልከፍትላቸው እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ከዚያ ራሴን አየሁት፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ እግሬ ላይ የእሱ ነጠላ ጫማ። በሐዘን ቤት በር ላይ ቆሜ የሰውን ልጆች ኑና ጩኹልኝ ልላቸው ነው? እጄን መለስኩት። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ይመጡ የነበሩት ለእሱ ነው። እሱ ከሌለ እኔ ለእነሱ ማን ነኝ፤ ውሃ የምትሰጥ ሴት ነኝ። በእነዚያ ወራት ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእኔም ይመጡ እንደነበር ወይም እንዳልነበር። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

የእሱን ስልክ አላጠፋሁትም ነበር። ባትሪው እንዳይሞት እየሞላሁ አልጋው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ልጆቹ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አላቸው፤ ከፋቹ እሱ ነበር፤ ማንም አላወጣውም። ማታ ማታ እከፍተውና አነባለሁ። "ነገ አንድ ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር። የዘገየ ድስት ይሸከማል።" "እኔ ባለፈው ተሸክሜአለሁ።" "ባለፈውም ዘግይተህ ነዋ።" የአዲስ ፊልም ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ይሰዳደባሉ። አንዳንዴ ማን ምን እንደበላ፣ ማን ምን ያህል ነጥብ እንዳመጣ፣ ማን በፈተና ምክንያት ከእናቱ ጋር እንደተጣላ ዘርዝረው ይጽፋሉ። ለምን ይህን ሁሉ እንደሚጽፉ ይገርመኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አብረው ነው የሚውሉት። እኔ አንብቤ እዘጋዋለሁ።

ቅዳሜን ከእኔ ጋር የሚውሉት የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከአያት ኮንዶሚኒየም ተነሥተው እስከ መገናኛ በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ ይመጣሉ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ባለቤቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የሐዘንን ወግ አዋቂ ናቸው፤ በሰፈራቸው መርዶ የሚያረዳ ሲፈለግ እሳቸው ይጠራሉ፤ ከል መቼ ይውጣ፣ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ ሲባል እሳቸው ይጠየቃሉ። ከቀብሩ በተመለስን ዕለት ቴሌቪዥኑን በነጠላ የሸፈኑትም እሳቸው ናቸው። "እስከ ዓመቱ" አሉ፤ እኔም አልተከራከርኩም። ሲመጡ ሳሎን ውስጥ ፍራሹን እንዘረጋለን፤ ጀርባችንን ለግድግዳ ሰጥተን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ብዙ አናወራም። አንዳንዴ "ልብሱን ለማን ልትሰጪው ነው?" ይሉኛል፤ "እስቲ እናያለን" እላለሁ።

የወር መባቻ ቅዳሜ ላይ የዋለ ጊዜ እንጦጦ ራጉኤል ለመሳለም በጠዋት ወጣሁ። ወደ ላይ በታክሲ ሄድኩ፤ ስመለስ ግን በጫካው ወደ ፈረንሳይ በሚወርደው የእግር መንገድ መጣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ማታ ግሩፑ ላይ "ነገ ከራጉኤል በታች ነን" የሚል አንብቤ ነበር። ልጠጋቸው አላሰብኩም። ከሩቅ ልሰማቸው ነበር።

ሳቃቸውን ከድንኳኖቹ በፊት ሰማሁት። ዛፎቹ ሳሳ ወዳሉበት ስደርስ አንዱ ቀጭን ረጅም ልጅ ድስት ራሱ ላይ ደፍቶ፣ እግሩን ቀስ እያደረገ አየር ላይ እንደሚንሳፈፍ ሰው ይራመዳል። ሌሎች ሁለት ልጆች ወገቡ ላይ ገመድ አስረው "ኦክሲጅን እያለቀ ነው፤ ተመለስ" ይሉታል። እሱ ከድስቱ ውስጥ "የመኮሮኒ ሽታ ብቻ ነው ያለው፤ ሌላ ምንም ሕይወት አላገኘሁም" ይላል። ሳላውቀው ሳቅሁ መሰለኝ፣ ወይም ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፤ አንዷ ዞረች።

በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ኮፍያ ያደረጉ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ተሰለፉና አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ እየመጡ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አሉኝ። ድስት የደፋው መጨረሻ መጣ፤ ድስቱን ብብቱ ሥር ይዟል፤ ግንባሩ ላይ የድስቱ ጥላሸት ክብ ሠርቷል። "ያጽናዎት ማዘር" አለና የሚያደርገው ስላጣ ድስቱን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረው። ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ድምፃቸውን ለመስማት ነበር። ጥቁሬን ሲያዩ አጠፉት። ትንሽ ቆሜ "በርቱ" ብያቸው መንገዴን ጀመርኩ።

ከኋላዬ አንዷ ተከተለችኝ። ያቺ የእድሩን ቋጠሮ የፈታችው ልጅ ናት፤ አሁን የቡድኑ መሪ እሷ ናት።

"ማዘር፣ ላድርስዎት።"

"መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ተመለሽ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ግን ሕግ አለን። ብቻውን የሚወርድ የለም።"

"ስትመለሺስ ብቻሽን አይደለሽም?"

ትንሽ አሰበች። "ስመለስ መውጣት ነው፤ ሕጉ ስለ መውረድ ነው" አለች።

አብረን ወረድን። ቅጠል የሚጠርጉ ሴቶችን አልፈን፣ ቤቶቹ መታየት ሲጀምሩ ልጠይቃት ወሰንኩ።

"በራችን ላይ ስትደርሱ ዘፈኑን ለምን ታቆማላችሁ?"

"እማማ ስላሉን ነዋ።"

"የትኛዋ እማማ?"

"የቲቸር እህት።" ቆመች። "አልነገሩዎትም እንዴ? መጥተን ነበርኮ። ከአርባው በኋላ በመጣው ቅዳሜ። ሁላችንም ነበርን። እርስዎ ጋደም ብለዋል አሉን። 'ልጆቼ፣ ይህ የሐዘን ቤት ነው፤ ዓመቱ ይውጣና ያን ጊዜ ትመጣላችሁ፤ ስታልፉም ቀስ በሉ' አሉን።"

"ተቆጧችሁ?"

"ኧረ አልተቆጡም። ዳቦ ሰጡን።"

"እናንተም እሺ አላችሁ።"

"ምን እንበል ማዘር? እኛ የሐዘን ነገር አናውቅም። እንዳናበላሽ ፈራን።" ስካርፏን ጣቷ ላይ ትጠቀልል ጀመር። "ለዚያ ነው ግሩፑ ላይ ሁሉን ነገር የምንጽፈው። ማታ ማታ ቲቸር ኦንላይን ነው ይላል። መጀመሪያ ደነገጥን። ከዚያ እርስዎ መሆንዎን አወቅን። በቃ፣ የዋልንበትን እንጻፍላቸው ተባባልን። ማን ምን እንደበላ ለእኛማ ምን ያደርግልናል? አብረን አይደል የምንበላው።"

ስካርፏን አስተካክዬላት ወደ ጓደኞቿ መለስኳት። ቤት ስደርስ እትዬ ፍራሹን ራሳቸው ዘርግተው ተቀምጠው ነበር።

"ቆየሽ" አሉ።

"እትዬ፣ ልጆቹን ዓመቱ ይውጣ ብለዋቸዋል?"

"ብያለሁ። ምነው?"

"ለእኔ ሳይነግሩኝ።"

"ምን የሚነገር አለው? ለአንቺ ብዬ ነው። ጎረምሳና ኮረዳ ሰብስባ ስታስጮህ ሰው ምን ይላል? የባሏ የመቃብር አፈር ሳይደርቅ ሲኒማ ቤት ከፈተች ነው የምትባይው።"

"እኔን የከበደኝ ጸጥታው ነው።"

በጣታቸው የፍራሹን ጫፍ ያስተካክላሉ። "እሱም ጸጥታ አይወድም ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ልጅ ሆኖ ጨለማ ሲሆን ያወራ ነበር። ዝም በል ስለው፣ ዝም ካልኩ የለሁ ይመስለኛል ይለኝ ነበር።" ከዚያ ቀና ብለው ቴሌቪዥኑን አዩት። "ይህ አይከፈትም።"

"አይከፈትም።"

"ሐዘንተኛ ማጫወት ግን ያለ ነገር ነው። ለማጫወት ከሆነ ይምጡ። ተቀምጠው ያጫውቱሽ። ሳቅ ካመለጣቸው አፋቸውን ይያዙ።"

በዚያው ሳምንት የባለቤቴን ስልክ ከፍቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩ። ብዙ ደልዤ ነው። "ቅዳሜ ከሰዓት ለማጫወት ኑ። ቴሌቪዥን አይከፈትም። ዳቦ አለ።" ከዚያ መልሱ ስልኩን እስኪያንቀጠቅጠው ወረደ። ረጅሙ ልጅ በኋላ እንደነገረኝ፣ "ቲቸር እየጻፈ ነው" የሚል ሲያይ ስልኩን ወጥ ውስጥ ጥሎታል።

ቅዳሜ መጡ። ጫማቸውን በረንዳው ላይ ደረደሩት፤ አልቆለሉትም። ገብተው ወለሉ ላይ በረድፍ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ተባለ። ግድግዳው ላይ የእሱ ፎቶ አለ፤ አላዩትም፤ እግራቸውን ያያሉ። እንደ ጫካው ነው የሚሆነው ብዬ ፈራሁ። ዳቦውን ቆረስኩ፤ በጸጥታ በሉ። ያን ያህል ልጅ ዳቦ ሲያኝክ የሚሰማበት ቤት አይታችሁ አታውቁ ይሆናል።

"ለማጫወት አይደል የመጣችሁት?" አሉ እትዬ። "ተጫወቱ እንጂ።"

ተያዩ። መሪያቸው ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ "ማዘር፣ መብራት ሲጠፋ እንደምናደርገው እናድርግ?" አለችኝ። እኔ አላውቅም ነበር። ለካ ፊልሙ መሐል መብራት ሲጠፋ ባለቤቴ "እሺ፣ የቀረውን ማን ያጫውተናል?" ይላቸው ነበር፤ ያየ ልጅ ያየውን ያወራል፣ ያላየው ከራሱ ይፈጥራል። እኔ ደግሞ እነዚያን ቀናት መብራት ስለሌለ ሥራዬን ዘግቼ እተኛ ነበር።

ረጅሙ ልጅ ተነሣ። በቅርቡ ያየውን ፊልም ሊያጫውተን ነው። አራት ሰዎች በመርከብ ወደ አንድ ሩቅ ኮከብ ሄዱ አለ። ሲሄዱም ሲመለሱም ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ምድር ላይ ግን ሦስት መቶ ዓመት አለፈ።

"እንዴት ነው ሁለቱ ሦስት መቶ የሚሆነው?" አሉ እትዬ።

ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ ማስረዳት ጀመሩ። "ፍጥነት ነው እማማ። በጣም ሲፈጥኑ ጊዜያቸው ይዘገያል።"

"ታዲያ ለምን ቀስ አይሉም?"

አንዷ አፏን ያዘች። ረጅሙ ልጅ ግን በጨዋ ደንብ፣ "ቀስ ካሉ አይደርሱማ እማማ" ብሎ ቀጠለ። የመርከቡን ሞተር በአፉ አስጮኸው፤ በሩን በአፉ ከፈተው። ሰዎቹ ወረዱ። ከተማው አጥር አለው። በሩ ላይ በረኛ ቆሟል፤ መታወቂያ ጠየቃቸው። የያዙት መታወቂያ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል። በረኛው መዝገብ አየ፤ "የዘረዘራችኋቸው ዘመዶቻችሁ ሁሉ ሞተዋል፤ የምትገቡበት ቤት የለም" አላቸው።

"በር ላይ ነው የነገራቸው?" አሉ እትዬ።

"አዎ እማማ።"

"እንደቆሙ? ሳያስቀምጣቸው?"

"ፊልሙ ላይ እንደዚያ ነው።"

"ውሃ እንኳ ሳይሰጣቸው።" ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "ሰው ከሩቅ አገር ሲገባ መርዶ እንደዚህ አይነገርም። ምን ዓይነት ሰው ነው የጻፈው?"

ሁልጊዜ የሚከራከረው መነጽር ያደረገው ልጅ እጁን አወጣ፤ እንደ ክፍል ውስጥ። "እማማ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የካፒቴኑ እናት ከሞተች ሦስት መቶ ዓመት ሆኗታል። እሱ ግን የሰማው ዛሬ ነው። ሐዘኑ ከመቼ ይቆጠራል? ዓመቱ አልፎታል ወይስ ዛሬ ከል ይለብሳል?"

ሌሎቹ የቀለደ መስሏቸው ነበር። እትዬ ግን በሙያቸው የተጠየቁ ናቸውና አስበው መለሱ። "ከሰማበት ቀን ነው። ሐዘን የሚቆጠረው ከመርዶው ነው። ሦስት መቶም ይሁን ሺህ። መርዶ ያልተነገረው ሰው ሐዘኑ ገና አልገባም።"

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። መሪያቸው ግን ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

"እኛንም ማንም አልነገረንም" አለች።

"ምኑን ልጄ?"

"የቲቸርን።" ድምፅዋ ወቀሳ የለበትም፤ የቡድን ሪፖርት የምታቀርብ ነው የሚመስለው። "የሌላ ክፍል ልጅ ፎቶው ላይ ሻማ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። ታክሲ ውስጥ ቆሜ ነበር ያየሁት። ረዳቱ ሒሳብ ይለኛል። ከዚያ ለቅሶ መጣን። ገመድ አሰርን፣ ውሃ ቀዳን፣ ወንበር መለስን። ትልልቆቹ ሲያለቅሱ እኛ ሥራ ላይ ነበርን። ከዚያ ደግሞ ዓመቱ ይውጣ ተባልን።"

እትዬ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እጃቸውን መሬት ላይ ደግፈው ወደ ግድግዳው ሸሹ፤ ፍራሹ ላይ ቦታ ከፈቱ።

"ነይ እዚህ" አሏት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ፣ "ሁላችሁም ከሲሚንቶው ላይ ተነሡ። ፍራሹ ላይ ተጠጉ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ውሃ አምጪልኝ።"

በማሰሮ ውሃና ብርጭቆ ይዤ ስመለስ ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል፤ ረጅሙ ቦታ ስላልበቃው ጉልበቱን አቅፏል። እትዬ ሻሻቸውን አስተካከሉ። "መርዶ በጠዋት ነው የሚነገር" አሉ፤ "ከመቅረቱ ግን ይሻላል።" ከዚያ ለሥጋ ዘመድ እንደሚነገረው፣ ቀስ እያሉ፣ ከሩቁ ጀምረው ነገሯቸው። መምህራችሁ አመመው አሉ። እኛም ቀላል መስሎን ነበር አሉ። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ሐኪሞቹም ደከሙለት። ሌሊቱን ሚስቱ እጁን ይዛ አደረች። ለእያንዳንዱ ነገር ጊዜ ይሰጡታል። ልጆቹ መጨረሻውን ያውቁታል፤ ግን አሁን ገና የሚሰሙት ይመስል ዓይናቸውን ከእሳቸው ላይ አልነቀሉም። "ልጆቼ" አሉ እትዬ፣ "ወንድሜ አረፈ።"

መጀመሪያ ያለቀሰው መነጽር ያደረገው ነው። ከዚያ ሁሉም። ረጅሙ ልጅ እንደ ሕፃን ጮክ ብሎ ነው ያለቀሰው፤ ማንም ዝም በል አላለውም። መሪያቸው እትዬ ጉልበት ላይ ተደፋች። እትዬ ጀርባዋን እየደባበሱ የእሱን የልጅነት ነገር እያነሡ አለቀሱ። ጨለማ ውስጥ እንደሚያወራ፣ በጎረቤት መስኮት እንደሚቆም። እኔ ማሰሮውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። እነዚህ ልጆች ሊያጽናኑኝ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ ስንት ወር ሙሉ የእኔን ያህል አዝነው በደጄ ሲያልፉ ኖረዋል። ማሰሮውን አስቀመጥኩና መሐላቸው ገብቼ ተቀመጥኩ።

ለቅሶው ሲበርድ እትዬ ውሃውን በየተራ አጠጧቸው፤ ፊታቸውን በረንዳው ላይ እንዲታጠቡ አደረጉ። "የእኛ ዓመት ሲወጣ እኔና እሷ ከሉን እናወጣለን" አሏቸው። "የእናንተ ከዛሬ ነው የሚቆጠረው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ትቀመጣላችሁ።" ማንም "ለምን" አላለም። አንዷ ብቻ "እሺ እማማ" አለች፤ አፍንጫዋን በስካርፏ እየጠረገች።

መሽቶ ነበር፤ መብራት አላበራንም። እትዬ ቦርሳቸውን ሊያነሡ ሲሉ መልሰው አስቀመጡት።

"ያ ካፒቴን ምን ሆነ?" አሉ።

ረጅሙ ልጅ ዓይኑ ቀልቶ አፍንጫው ተዘግቶ ነበር። ተነሥቶ አልቆመም፤ ተቀምጦ ነው የጨረሰው። በረኛው መዝገቡን ዘጋ አለ። ካፒቴኑን አየው። ወደ ጎጆው ገባና የራሱን በርጩማ ይዞ ወጣ፤ "ተቀመጥ" አለው። ውሃም ሰጠው። ከዚያ እናቱ እንዴት እንደኖረች፣ እንዴት እንዳረፈች ከመዝገቡ ቀስ እያለ አነበበለት።

መነጽር ያደረገው ልጅ ወደ እሱ ዞረ። "እኔም አይቼዋለሁ ፊልሙን። እንደዚያ አይልም።"

"አውቃለሁ" አለ ረጅሙ ልጅ። "እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

"ደግ አደረግህ" አሉ እትዬ።